በመሳቢያ የቀረው ራም

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሜን ከጠራህ ግን ጉድህ ይፈላል ብላኛለች።

ይህች ሴት ከፍርድ ቤቱ አጥር ጎን፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አቤቱታ ትጽፋለች። ሰው አጠገቧ ቁጭ ብሎ በደሉን ይነግራታል፤ እሷ በኮምፒዩተር ጽፋ፣ አትማ ትሰጠዋለች። ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚህ ሥራ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን፣ ወገኖቼ፣ አርጅቷል። ዴስክቶፕ ነው፤ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል።

አንድ ፋይል ለመክፈት ጠቅ ታደርጋለች። ዝም። እንደገና ጠቅ ታደርጋለች። አሁንም ዝም። ስታክ አድርጓል! አጥፍታ ታበራዋለች። ባለጉዳዩ ሰዓቱን ያያል። «እህቴ፣ ይቅርታ፣ ቀጠሮዬ ሊያልፍ ነው» ይልና ወደ ጎረቤት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። አንዱ ሄደ። ሌላውም ሄደ። እንዲህ ከቀጠለ ክፍሏን ማስረከቧ ነው። ሌላ ሥራ ታውቃለች? አታውቅም።

ሐሙስ ሐሙስ አብረዋት የሚጸልዩ እናቶች አሉ። «የራም እጥረት ነው ብለውኛል፤ ጸልዩልኝ» አለቻቸው። ራም ማለት ኮምፒዩተሩ ሥራውን ዘርግቶ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ወረቀት ብትዘረጉ እንደምትቸገሩት፣ እሱም ቦታ ሲጠበው ይቸገራል። እናቶቻችን ጸለዩ። ጸልየው ግን ዝም አላሉም። እሷ ሳታውቅ አዋጡላት።

የገዙት ከመካከላቸው ታላቅ የሆኑት እትዬ ትርንጎ ናቸው። ለሕክምና አዲስ አበባ በሄዱበት አንድ የኮምፒዩተር ዕቃ መሸጫ ገቡና «ራም ስጠኝ፤ አዲሱን፣ ትልቁን» አሉ። ባለ ሱቁ «ለምን ዓይነት ኮምፒዩተር ነው፣ እናቴ?» ብሎ ጠየቃቸው። ምን ብለው መለሱለት መሰላችሁ?

«ለጥሩ ሰው ነው!»

ሳቁ፣ እናንተም ሳቁ፤ እኔም ስሰማ ስቄያለሁ። ልጁ የጠየቃቸው ስለ ማሽኑ ነበር። እሳቸው የመለሱለት ስለ ፍቅራቸው ነው።

ሐሙስ ዕለት በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች። መቼም እኛ አገር ስጦታ ሰጪው ፊት አይከፈትም፤ ነውር ነው። እዚያው ተከፍቶ ቢሆን አንዷ «ለማሽንሽ ይሆናል?» ትል ነበር። አልተከፈተም፤ ማንም አልጠየቀም።

በማግስቱ ጠዋት የኮምፒዩተሩን ሣጥን፣ የሲፒዩውን ክዳን ፈታች። ራም አይታችሁ ታውቃላችሁ? የማበጠሪያ ያህል ቀጭን ነገር ነው። ከታች ወርቃማ ጥርሶች አሉት፤ በጥርሶቹ መካከል አንዲት ክፍተት አለች። አሮጌውን አወጣች፣ አዲሱን አስጠጋች። አልገባም። ክፍተቷ መሆን ካለባት ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብላለች። አዙራ ሞከረችው። አልገባም። ጫን አለችው፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማችና ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

ታዲያ ምን አሰበች? «ዕቃው የዚህ ማሽን አይደለም» አለች? አላለችም። «እኔ ነኝ የማላውቅበት» አለች። አሮጌውን መለሰች፤ አዲሱን መሳቢያ ውስጥ፣ ከወረቀት ሥር ከተተችው።

ሐሙስ ሲደርስ እትዬ ትርንጎ «እንዴት ነው ልጄ፣ ሠራልሽ?» አሏት። ይሉኝታ ያዛት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ፣ ይበርራል!»

የሚበርረው ራም መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል!

በዚህ በቃ? የለም። እሑድ አስነስተው አስመሰከሯት። እዚህ ቆማ፣ ይህንኑ ማይክ ይዛ አመሰገነች። እናንተ እልል አላችሁ። እኔ አሜን አልኩ። አሁን ማን እንደሆነች አወቃችኋት አይደል? እንግዲህ ጉዴ ፈላ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ መቅረት ጀመረች። አንድ ቀን ራሷን ያማታል፣ አንድ ቀን እንግዳ ይመጣባታል። ለምን? የሚወዷትን ሰዎች ዓይን ማየት ከበዳት። ደንበኞቿ እየሸሿት፣ እሷ ደግሞ ወዳጆቿን እየሸሸች ስድስት ሳምንት ሞላ። አከራይዋንም «በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ» አለችው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ትርንጎ ራሳቸው መጡ። የድንበር ክርክር ነበረባቸው፤ አቤቱታ ሊያጽፉ ነው። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ማሽኑ ጮኸ፣ ጮኸና ቆመ። አጥፍታ አበራችው። አሁንም ቆመ። እትዬ ትርንጎ ማሽኑን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ልጄ፣ የሚበርረው ይሄ ነው?»

«ዛሬ መብራቱ ነው፣ እትዬ። ኃይል የለውም።»

«እሺ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱማ ይመስገን። አንቺስ እንዴት ነሽ?»

በዚህች በሁለተኛዋ ጥያቄ ተሸነፈች። እንባዋ መጣ። መሳቢያውን ስባ ራሙን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አልገባልኝም፣ እትዬ። ከገዛችሁልኝ ቀን ጀምሮ እዚህ ነው ያለው። እንዳይከፋችሁ ብዬ ዋሸሁ። በቤተ ክርስቲያንም ዋሸሁ።»

እትዬ ትርንጎ ራሙን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ምን አሉ? «ለምን አልነገርሽንም?» ብለው ተቆጡ? «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አሉ። «ልጁ እኮ ጠይቆኝ ነበር። እሱ የማሽኑን ዓይነት ሲጠይቀኝ፣ እኔ ስላንቺ አወራሁለት። ይቅር በይኝ።» ተቃቀፉ። አለቀሱ። አልቅሰው ሲያበቁ ደግሞ በሳቅ ፈረሱ።

ሲፒዩውን በባጃጅ ጭነው አስናቀ የሚባል ኮምፒዩተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰዱት። አስናቀ ገና እንዳየው ገባው። «ዕቃው እንከን የለበትም» አለ። «እንዲያውም እዚህ ቤት ካሉት ሁሉ ይበልጣል። ግን የዚህ ማሽን አይደለም። ራሙ የሚሰካበት ይህ ቦርድ የሚቀበለው የቀድሞውን ዓይነት፣ ዲዲአር ሦስት የሚሉትን ነው፤ ያመጣችሁት አዲሱን፣ ዲዲአር አራትን ነው።»

«ትንሽ ጫን ብትለውስ፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«ኧረ እናቴ! ይህችን ክፍተት ፈቀቅ ያደረጓት እኮ ሆን ብለው ነው፤ ያልሆነው እንዳይገባ። በግድ ቢገባ ኖሮ ራሙም ቦርዱም ይቃጠል ነበር።»

ከዚያ አሮጌው ራም ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ። የቦርዱን ቁጥር አየ። «ሁለት ቦታ አለው፤ በየቦታው ከአራት ጊጋ በላይ አይወስድም» አለ። ቦርዱ ከሞተ ሌላ ማሽን ሁለት አንድ ዓይነት ራሞች ነቀለ፤ ወርቃማ ጥርሶቻቸውን በላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጎ አጸዳቸው፤ አስገባቸው። ሲገቡ አላስቸገሩም። አዲሱን ለሌላ ደንበኛ ይፈልገው ስለነበር በዚያው ቀየረላቸው። አበራው። አንዴ ጢጥ አለና ተነሳ፤ ጠቅ ስታደርግ ተከፈተ። የእትዬ ትርንጎ አቤቱታ በዚያው ቀን ተጽፎ አለቀ። ክፍሏን አልለቀቀችም፤ ዛሬም እዚያው ናት፤ ደንበኞቿም ተመልሰዋል።

ወገኖቼ፣ እኔ ይህን ስሰማ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። በመጀመሪያ ስለ ምን? ስለዚያች ክፍተት! እሷ ባትኖር ማሽኑ በፍቅር በተሰጠ ዕቃ ይቃጠል ነበር። እናንተስ? ስንት ጊዜ ያልገባላችሁን ነገር ጫን ብላችሁታል? ያንን የውጭ ጉዞ፣ ያንን ሹመት፣ ያንን ያልሆነ ጋብቻ። አልገባ ሲላችሁ «እኔ ነኝ የማልረባው» ብላችሁ ስንት ቀን አለቀሳችሁ? ነገሩ መጥፎ ስለነበረ አይደለም። እናንተም ስለማትረቡ አይደለም። የእናንተ አልነበረም። የሠራን ጌታ የሚስማማንን ያውቃል፤ ያገለገለ ቢሆንም፣ ትንሽ ቢሆንም፣ ልክ የሚገጥመውን ይሰጣል። ስለዚህ ስለገባላችሁ ብቻ ሳይሆን ስላልገባላችሁም አመስግኑት። ከልባችሁ አመስግኑት!

ሁለተኛው ግን እኔን ራሴን የነካኝ ነው። ያን እሑድ ይህች እህት ስትመሰክር አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። እጇን ጨብጬ «እንዴት ነሽ?» አልኳት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ፤ ወደሚቀጥለው ሰው አለፍኩ። እረኛዋ ነኝ፤ አለፍኩ። ሁለተኛ ጊዜ የጠየቋት እትዬ ትርንጎ ናቸው። እግዚአብሔር እንዲህ ያሉ እናቶችን ስለሰጠን ስሙ ይባረክ!

እስቲ አሁን እያንዳንዳችሁ አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ዞር በሉ። «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» በሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላችኋል፤ እናንተም «ይመስገን» በሉ። ከዚያ ፊታችሁን ወደ እኔ አትመልሱ። እንደገና ጠይቁት። እኔ ዝም እላለሁ፤ ጊዜ አለን።