አተላዋን የደበቀችው ጋን

እስቲ ጠጋ በሉ። አንተ ደጃፉ ላይ የቆምከው፣ ግባና በሩን መልስ፤ ብርድ አታስገባብን። ተረት ልነግራችሁ ነውና «ይምጣ!» በሉኝ። እንዲያ ነው! መሀል ላይ እንቅልፍ የወሰደው ካለ ግን እኔን እንዳይወቅስ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳውም ዕቃውም እንደኛ በሚያወራበት ጊዜ፣ በአንድ የእንስሳት መንደር አንዲት ትልቅ ጋን ነበረች። መንደሩ ከእሷ ሌላ ጋን አልነበረውም። ለበዓሉም፣ ለሠርጉም፣ ለማኅበሩም ጠላ የሚጠመቀው በእሷ ነበር። እሷም በዚህ ትኮራለች። «እኔ ባለሁበት ተጠምቶ የሄደ የለም» ትላለች። እውነቷን ነው፣ የለም።

አንድ ዓመት ገና መጣ። ሞሏት፣ ጠጡ፣ ጨፈሩ፣ ሄዱ። ገናው ገና ሳይበርድ ጥምቀት መጣ። ሞሏት፣ ጠጡ፣ ጨፈሩ፣ ሄዱ። ቤቱ ጭር አለ። ጋኒት ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ ደስ ግን አላላትም። ሆዷ ባር ባር አላት። ከውጭ ኮቴ በሰማች ቁጥር «ደግሞ ማን መጣ!» ትላለች። ነገሩ ሌላ አይደለም፣ ደክሟት ነው። መድከሟን ለመናገር ግን አፈረች።

አብራት የምትኖር አንዲት ቅል ነበረች። ጠላው የሚቀዳው በዚህች ቅል ስለሆነ የጋኒትን ሆድ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

«እትዬ ጋን» አለች ቅል፣ «ከገና ጀምሮ አተላሽ አልወጣም። ይውጣልሽ። በግራዋ ታጠቢ፣ በወይራ ጭስ ታጠኚ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ተደፍተሽ ሦስት ቀን ዕረፊ።»

«ኧረ ወዲያ! መንደሩ ተደፍቼ ቢያየኝ ምን ይለኛል? ደግሞ ያንን አተላ ለማን ላሳይ ነው?»



በማግሥቱ ቆቅ እየሮጠች መጣች። «እትዬ ጋን፣ ልጄን ልድር ነው። አደራ፣ እንዳታሳፍሪኝ!»

«እሺ» አለች ጋን። በአተላው ላይ አዲስ ጠላ ተጠመቀ። እንግዶቹ ሲጠጡ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ፤ ሠርግ ነውና ማንም ምንም አላለም።

ቆቅ ስትሄድ ጃርት መጣ። «እትዬ ጋን፣ የማኅበር ተራዬ ደርሷል። ያላንቺ ማን አለኝ?»

«እሺ» አለች ጋን፣ አሁንም። ጠላው ሲደርስ ጃርት ቀመሰና «ምነው እትዬ፣ ኮመጠጠ እኮ!» አላት።

«ካልጣፈጠህ ወንዝ ወርደህ ውሃ ጠጣ!» ብላ ጮኸችበት።

ጃርት እሾሁን ሁሉ አቁሞ ቀረ። ከእሷ አፍ ክፉ ቃል ሰምቶ አያውቅማ። ጋኒትም በራሷ ደነገጠች። ሲወጣ ጠብቃ አለቀሰች።

«እትዬ፣ እባክሽ ይውጣልሽ» አለች ቅል።

«ይቺን አንዷን ልወጣና» አለች ጋን። ይቺን አንዷን የምትል ሴት በናንተ ቤትም ሳትኖር አትቀርም።

ሦስተኛዋ ሚዳቋ ነበረች፤ ግልገሏን ክርስትና ልታስነሳ ነው። ጋን «እሺ» ለማለት እንኳ ጉልበት አጣች፣ ግን አለች። ይሄኛው ጠላ ካሮጌው አተላ ጋር ተጣልቶ በሦስተኛው ቀን ገነፈለ። ክዳኑን ወርውሮ፣ ምድጃውን አጥፍቶ፣ እስከ ደጃፍ ፈሰሰ። እንግዶች በር ላይ ቆመዋል። ሚዳቋ «ጉድ ሆንኩ!» ብላ እሪ አለች።

መንደሩ ተሰበሰበ። ሽማግሌው አባ ዝንጀሮ አንድ ጊዜ አሸተቱና ፈረዱ። «ይቺ ጋን አርጅታለች። አውጥታችሁ ገደል ክተቷት። ሌላ እንገዛለን።»

አራት ጠንካሮች ይዘው ወደ ገደሉ ያንከባልሏት ጀመር። አንዴ ተገለበጠች፣ ሁለቴ ተገለበጠች፤ ታች የረጋው አተላ ግን ንቅንቅ አላለም። ቅል ከኋላ እየተንከባለለች «ተናገሪ እትዬ! ተናገሪ እንጂ!» ትላለች። ገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ጋኒት ጮኸች።

«አላረጀሁም! ደክሞኝ ነው! ከገና ጀምሮ አተላዬ አልወጣም፤ እሱን እንዳታዩብኝ ፈርቼ ነው!»

ሁሉም ቀጥ አሉ። ቆቅ ጃርትን አየች፣ ጃርት ሚዳቋን አየ። ሦስቱም ለካ አተላዋን ሳይጠይቁ ነው የሞሏት። ያን ጊዜ ከኋላ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ቀጥ አሉ።

«አተላ?» አለ አህያ። «አተላ ነው ያልሽው? ይሄን የመሰለ ሲሳይ ታቅፈሽ ነው የምታፍሪው? አይ አንቺ!» ሌላ አልጠበቀም። አንገቱን አስገብቶ እየሳበ፣ እየላሰ፣ ጆሮው ድረስ ተለቅልቆ ወጣ። የጋኒት ሆድ ቀለል አለ። እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

ጃርት ግራዋ ቆርጦ መጣ፣ ቆቅና ሚዳቋ አጠቧት፣ በወይራ ጭስ አጠኗት፣ ፀሐይ ላይ ደፏት።

በሁለተኛው ቀን የአባ ዝንጀሮ ኮቴ ተሰማ። «ደግሞ ማን መጣ!» አለች ጋኒት። «እትዬ ጋን» አሉ አባ ዝንጀሮ፣ አንገታቸውን ደፋ አድርገው፣ «ባለፈው ተሳስቻለሁ። ግን ለደቦ ጠላ ያስፈልገኝ ነበር።»

«እሺ» ልትል ምላሷ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። «አሁን አልችልም፣ አባ። ሐሙስ ይምጡ።»

አባ ዝንጀሮ ጭንቅላታቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «እሺ፣ ሐሙስ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ።

 «ቅል፣ ይኸው ነው በቃ?» አለች ጋኒት።

«ይኸው ነው፣ እትዬ።»

«‹አልችልም› የምትል ይቺን ቃል ፈርቼ ነው ገደል ልገባ የነበረው?»

እናንተም ከበዓል ማግሥት ሆዳችሁ ባር ባር ሲላችሁ አትፍሩ፣ አትደብቁት። ያለፈው አተላ ሳይወጣ አዲስ የሚሞላ ሁሉ ጠላውንም ራሱንም ያበላሻል። አሁን «አንድ ጨምርልን» የሚለኝ አይጠፋም። ዛሬ አልችልም።