የአሥራ ሁለት ቀን ስንቅ

አንድ ሰው ነበረ። ትርሲት ልጄ፣ ትናንት በስልክ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። የድርጅታችሁ የመረጃ መጋዘን የቅርንጫፉን ሁሉ ሥራ ይዞ ሳለ፣ አለቆችሽ ለጠዋት የፈለጉት መልስ ሲመሽ እየደረሰ፣ ክፍሎቹ ተማርረው የየራሳቸውን መዝገብ ለብቻ ሊይዙ እንደሆነ ነግረሽኛል። «እማዬ፣ ትልቅ ማሽን ግዙልኝ ልበል ወይስ ሥራውን ልተወው?» አልሽኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ማሽኑን አላውቀውም። ይህን ሰው ግን ስሚው።

ሰውየው ባለጸጋ ነበር፤ ሀብቱም ዘር ነው። በሁለት ወንዝ መካከል የሚያርሱ ገበሬዎች ሁሉ በየዓመቱ ከምርታቸው አንድ አንድ ቅል ማሽላ ያመጡለታል። እርሱም በቅሉ አንገት ላይ ቁራጭ ብራና ያስራል። በብራናው ላይ የዘሪው ስም፣ የመሬቱ ዓይነት፣ ዝናቡ የገባበት ቀንና የተገኘው ምርት ይጻፋል። ይህን ሲያደርግ ሠላሳ ዓመት ሆነው። አንዲት ቅል አልጠፋችም፤ አንዲት ፍሬ አልነቀዘችም። ስለዚህም እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ ትንሽ ትንሽ ደግሞ ራሱን ያመሰግናል።

ቅሎቹ በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ የተሰቀሉት በአመጣጣቸው ተራ ነው። የፊተኛዋ ቅል ባለቤት የአገሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው። ሰውየው አክባሪ ነውና፣ ማንም ምንም ቢጠይቀው ፍለጋውን ከእርሳቸው ቅል ይጀምራል። በአባት ተጀምሮ በልጅ ይጨረሳል፣ ታላቅን ዘሎ ማለፍ ነውር ነው ይላል። እንዲህ እያለ ሺህ ቅል አውርዶ፣ ሺህ ብራና አንብቦ፣ ሺውን መልሶ ይሰቅላል።

አንድ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። አንድ ገበሬ መጣና፣ ዝናብ ሲዘገይ በጥቁር መሬት ላይ ቶሎ የሚደርሰው ማሽላ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ባለጸጋው ፍለጋ ገባ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ዘሩን ይዞ ወጣ። ገበሬው ተቀበለና፣ «እግዜር ይስጥልኝ። መልስዎ እውነት ነው፤ ዝናቡ ግን ቆሞ አልጠበቀኝም» ብሎት ሄደ። በዚያ ዓመት ልጆቹ የዘመድ እህል በሉ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ይቀልድበት ጀመር። የልጅ ልጅህ የሚፈልገው ነገር ካለ ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቅለት ይባባላሉ። ባለጸጋው አዘነ። ቤቱ ጠቦኝ ነው ብሎ ሁለተኛ ቤት አሠራ፤ ሠራተኛም ጨመረ። ሠራተኞቹ በአንድ መሰላል ላይ ተጋፉ እንጂ ከአሥራ ሁለቱ ቀን አንድም ቀን አልቀነሰም። በመጨረሻ ታከተውና፣ እየመጣችሁ የየራሳችሁን ቅል ውሰዱ ብሎ አስነገረ። ያ ቢሆን የሠላሳ ዓመቱ ዕውቀት በየጎጆው ተበትኖ ይቀር ነበር፤ አንዱ በችግሩ ዓመት የተማረውን ሌላው ሳይሰማው።

ቅል ሊወስዱ ከመጡት መካከል አንዲት ሴት ነበረች። የሟች አባቷን ቅል ፈልጋ ነው የመጣችው። ቅሏ እስክትገኝ በር ላይ ስድስት ቀን ተቀመጠች። ወሩ የዘር ነበርና ጠያቂው አልተቋረጠም። የሴትየዋ እጅ ሥራ መፍታት አይወድም። አንድ ሰው በጠየቀ ቁጥር አንድ ጠጠር ታኖራለች፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ከሆነ እዚያው ጠጠር ላይ ትደርብበታለች።

በስድስተኛው ቀን ባለጸጋው የአባቷን ቅል ይዞላት ወጣ። እርሷ ግን እጇን አልዘረጋችም። መሬቱን አሳየችው።

«ጌታዬ፣ የገባውን ዘር ሁሉ ቆጥረዋል። የሚጠየቁትንስ ቆጥረውት ያውቃሉ?»

ሰማንያ ያህል ጠጠር ነበረ፤ ክምሩ ግን አራት ነው። ከአራቱ ውጪ የወደቁት ጥቂት ናቸው። ትልቁ ክምር ያ ገበሬ የጠየቀው የዘገየ ዝናብ ጥያቄ ነበር። ባለጸጋው ቅሏን እንዳቀፈ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መልስ ሲያከማች፣ ጥያቄን አንድ ቀን እንኳ አላስቀመጠም።

አሁን ማድረግ ያለበትን አወቀ፤ ነገር ግን የሽማግሌውን ቅል ከፊት ማንሳት ከበደው። ይቅርታ ሊለምን ቤታቸው ሄደ። እርሳቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «በል አንሣት ልጄ» አሉት። «እኔን አከብራለሁ ስትል ጎረቤቴን አስራብክ።»

የዘገየውን ዝናብ ቅሎች ሁሉ ከበሩ አጠገብ በሁለት ረድፍ ሰቀላቸው፤ የጥቁር መሬቱን ከላይ፣ የቀይ መሬቱን ከታች። ከየረድፉ ብዙ ምርት በሰጡት አንገት ላይ ነጭ ክር አሰረ፤ ከእንግዲህ ብራናውን ሁሉ ማንበብ አያስፈልገውም። እምብዛም የማይጠየቁትን ወደ ውስጥ ወሰዳቸው፤ አንዲቱንም አልጣለም። ሴትየዋ የአባቷን ቅል በገዛ እጇ መልሳ ሰቀለችው። በሩ ላይም አንድ ባዶ ቅል ተንጠለጠለ፤ የጠጠር ማኖሪያ።

በዓመቱ ዝናቡ ደግሞ ዘገየ። ያ ገበሬ መጣ። አህያው ላይ የአሥራ ሁለት ቀን ስንቅ ጭኗል፤ በሶው፣ ዳቦ ቆሎው፣ የሚተኛበት ቁርበት ሳይቀር። ጠየቀ። ባለጸጋው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ እጁን ዘርግቶ አንዲት ነጭ ክር ያላትን ቅል ሰጠው። ገበሬው ቅሏን አየ፤ ሰውየውን አየ።

«ጋሼ፣ እስቲ ደግመው ይፈልጉ» አለ። «እንዲህ ፈጥኖ የመጣ መልስ ልክ ሊሆን አይችልም።»

ባለጸጋው ብራናውን አነበበለት። ዘሪው የገበሬው የገዛ አጎት ሆኖ ተገኘ፤ መሬቱም ከእርሱ መሬት ድንበር ለድንበር ነው። ገበሬው በሳቅ ፈረሰ። ስንቁን እበሩ ላይ አራግፎ፣ ለተራ ጠባቂው ሁሉ ብሉ ብሎ ትቶ፣ ቅሏን ታቅፎ አህያውን እየነዳ ሮጠ። ሲመሽ ዝናቡ ጣለ፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ነበር። በመኸር ጊዜ ሚስቱ እልል እያለች አዲስ ቅል ይዛ መጣች።

ልጄ ሆይ፣ ባለጸጋው አንቺ ነሽ፤ ቅሎቹም በመጋዘንሽ ያሉት መረጃዎች ናቸው። ትልቅ ማሽን ከመለመንሽ በፊት እስቲ በር ላይ ቁጭ በይ። ማን ምን እንደሚጠይቅሽ አንድ ሳምንት ጠጠር ጣይ። አብዝቶ የሚፈለገውን ወደ በሩ አቅርቢ፣ ክር እሰሪበት፤ የቀረውንም አትጣዪ፣ ቀኑ ይመጣል። ዓመት ሲዞር ጠጠሩን ገልብጠሽ እንደገና ቁጠሪ፤ የሰው ጥያቄ እንደ ዝናብ ነው፣ አንድ ቦታ አይጥልም። ሳንለምነው የሚያስፈልገንን የሚያውቅ አንድ እርሱ ብቻ ነው፤ እኛማ ሰምተን መቁጠር አለብን።

ሥራውንም አትተዪ። አለቃሽ «ይህ እንዲህ ፈጥኖ የመጣ ልክ ይሆን?» ብሎ የተጠራጠረሽ ቀን፣ ደውይልኝና አብረን እንሳቅ።