አቶ ምትክ

አንድ ባለሱቅ ነበር። ሱቁ በሰው ሀገር፣ ስደተኞች በሚበዙበት ሰፈር፣ መንገድ ማዕዘን ላይ ነው። ዳቦ፣ ወተት፣ አምፖል፣ የስልክ ካርድ፣ ሁሉም በትንሽ በትንሹ ይገኝበታል። ባለሱቁ የዚያው ሀገር ሰው ነው። የታወቀበት አንድ ጠባይ ነበረው፤ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ከተመለሰ ሰው ጋር አይከራከርም። ወተቱ ከቆመጠጠ፣ አምፖሉ ካልበራ፣ ምንም ሳይጠይቅ ሌላ ይሰጣል።

በሰፈሩ የሚኖሩ ሐበሾች ይህን አይተው «አቶ ምትክ» አሉት። ትርጉሙንም ነገሩት፤ ወደደው። ከዚያ ወዲህ ከበር ሆነው «ምትክ!» ሲሉት «አቤት! ምን ተበላሸ?» ይላል። «አቤት» ማለትንም ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ይስቃሉ፤ እሱም ይስቃል።

ከደንበኞቹ አንዱ ወጣት አባት ነበር። የሁለት ዓመት ልጁን ናርዶስን ይዞ በየጠዋቱ ዳቦ ሊገዛ ይመጣል። የሱቁ በር ላይ ደወል አለ። ናርዶስ ደወሉን ሳትደውል መግባት አትፈልግም፤ ግን አትደርስበትም፤ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ባለሱቁ ደወሉ ላይ ቀይ ሲባጎ አስሮ እስከ ጉልበቱ ድረስ አወረደላት። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሁለት ጊዜ ትስበዋለች፤ አንዴ ስትገባ፣ አንዴ ስትወጣ።

ናርዶስ ታመመች። በአራተኛው ቀን ሞተች።

ሐበሾቹ ለቅሶ ደረሱ። ምግብ አመጡ፣ ወንበር አመጡ። «ገና ልጆች ናችሁ፤ ሌላ ትወልዳላችሁ» አሉ። እናትየው ስትጮኽ «ተይ፣ ፈጣሪን ታስቀይሚያለሽ፤ ሕፃን መልአክ ናት» አሏት። ሲወጡ አባትየውን እየጨበጡ «ምትኩን ይስጥህ» አሉት። በሦስተኛው ቀን ወንበሮቹን አነሱ። በእነዚያ ሦስት ቀናት የልጅቷን ስም የጠራ አልነበረም።

በሳምንቱ አባትየው ብቻውን ዳቦ ሊገዛ ሄደ። የሐበሾቹ ማኅበር ሰብሳቢ ጋሽ ዘርጋው ቀድመውት ገብተዋል። ባለሱቁን በሀገሬው ቋንቋ ሲያዙት ደረሰ።

«ይህን ሲባጎ ቁረጠውና ጣለው። አባቷ ባየው ቁጥር ይብስበታል።»

«እሱ ቁረጥልኝ ብሏል?»

«እሱማ ምኑን ያውቀዋል፣ ሐዘን ላይ ነው።»

ጋሽ ዘርጋው ዞር ሲሉ አባትየውን አዩት። ደንገጥ አሉ። እጁን ያዙና በአማርኛ «አይዞህ ወንድሜ፣ ጠንከር በል እንጂ። ምትኩን ይስጥህ» አሉት።

ባለሱቁ ለአባትየው ዳቦ ሊያነሳ ከመደርደሪያው ኋላ ሄዷል፤ ከዚህ ሁሉ የገባችው አንዲት ቃል ናት። የተጠራ መሰለው። እንደልማዱ ከመደርደሪያው ኋላ ብቅ አለና «አቤት! ምን ተበላሸ?» አለ።



«ምንም አልተበላሸም» አለው አባትየው በሀገሬው ቋንቋ። «አንተን አልጠሩም። በልጄ ፈንታ ሌላ ይስጥህ እያሉኝ ነው።»

ባለሱቁ በደንብ የሰማ አልመሰለውም። «እንደ ወተቱ?»

«እንደ ወተቱ።»

ጋሽ ዘርጋው ተቆጡ። «ይሄ ደግሞ ምን አገባው! ምርቃት እኮ ነው። አባቶቻችን ሲሉት የኖሩት ነው። ክፉ ቃል ወጣኝ?»

«ጋሽ ዘርጋው» አለ አባትየው አሁንም በሀገሬው ቋንቋ፤ «ክርስትናዋ ላይ ነበሩ። በልተዋል፣ መርቀዋል። ስሟ ማን ነበር?»

ጋሽ ዘርጋው አፋቸውን ከፈቱ። «ይቺ… ማን ነበር… አፌ ላይ እኮ ነው…» ጣራ ጣራውን አዩ።

«ናርዱስ» አለ ባለሱቁ።

አጥርቶ መጥራት አይችልም። ግን ጠራት።

ከዚያም ወደ ጋሽ ዘርጋው ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ስም እንዳትጠሩኝ። ለሌሎቹም ንገርልኝ። እኔ የምተካው ወተት ነው። ሲባጎውንም አልቆርጥም።»

አባትየው ዳቦውን ተቀበለ። በሩ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ሲባጎውን አንዴ ሳበው። ደወሉ ጮኸ። ወጣ።

ምትክ ለዕቃ ነው። ሌላ ልጅ ቢወለድ ራሱን ይሆናል፤ የሞተችውን አይሆንም። ይህን የማያውቅ የለም። አውቀን እንዲህ የምንለው የሰውየው ሐዘን ቶሎ እንዲያልቅልን ነው፤ ወንበራችንን አንሥተን ወደ ቤታችን እንድንሄድ። ከዚያም ምርቃት ነው እንላለን። ምርቃት አይደለም፤ ማባረር ነው። ለቅሶ ስትሄዱ ልጅቷን በስሟ ጥሯት። የምትሉት ከጠፋችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ዝም ስላለ የተቀየመ ሐዘንተኛ የለም።

አሁን ለአንባቢ አንድ ጥያቄ አለ። መጨረሻ የደረሳችሁት የሕፃን ለቅሶ የማን ነበር? የወላጆቹን ስም አልጠየቅሁም።