የቢራቢሮዎቹ ቅል

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ አደራ ተሰጠው። አዎ፣ እሱው ጅቡ! ያውም የአህያ ልጅ እንዲጠብቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሜት አህያ ውርንጭላ እግሩ ተሰብሮ ጓሮ ተኝቷል። እኩዮቹ ሜዳ ላይ ሲቦርቁ እየሰማ ቢያለቅስባት፣ እናቱ አንጀቷ አልችል ብሎ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ግማሽ ቅል በገመድ አሰረችና ከግራዋው ቅርንጫፍ ላይ አንጠለጠለች። እጅግ የበሰለ ሙዝ በማርና በውሃ ለውሳ ጨመረችበት፤ ቢራቢሮዎች ቆመው የሚጠጡበትም ጠጠር ደረደረችበት። ቢጫው፣ ነጩ፣ ዝንጉርጉሩ ቢራቢሮ ተጠራርቶ መጣ። ውርንጭላውም እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ገና ያን ቀን ሳቀ።

እናቲቱ እህል ተሸክማ ወፍጮ ቤት የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ «አይመቸኝም» አላት። የቀረው ጅብ ብቻ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ልጄን አደራ! ቅሉንም አደራ፤ ያለ እሱ ቀኑ አይመሽለትም» አለችው።

ጅብ ጆሮውን ማመን አቃተው። እንኳን አደራ፣ ሰላምታ የሚሰጠው አልነበረም። «እሜትዬ፣ ልብሽን ጥለሽ ሂጂ! ምን ቆርጦኝ እነካለሁ?» አለ፤ ከልቡ ነበር።

ደግሞም ውርንጭላውን አልነካም። ምራቁን ዋጥ አድርጎ ጀርባውን አዙሮ ተቀመጠ። በራሱም ኮራ። ችግሩ ማሩ ነው! ነፋሱ ሽታውን እያመጣ አፍንጫው ላይ ይደፋበታል። ውርንጭላው እንቅልፍ ሲወስደው ቀበሮ ሆዬ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ልጁን ካልነካህ አደራህን ጠብቀሃል እኮ! ማሩን ትንሽ ብትቀምስ ማን ያውቅብሃል? የጎደለውን ውሃ ሙላበት።»

«እውነትሽን ነው?»

«እኔ መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

ጅብ ለመቅመስ ያህል ብሎ ምላሱን ሰደደ። የእሱ መቅመስ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ሙዙንም ማሩንም ሙልጭ አድርጎ ላሰ፤ ጠጠሩን ሳይቀር ቆረጣጠመው። ከዚያ ቅሉን ውሃ ሞልቶ፣ ምንም እንዳላደረገ ቁጭ አለ። ቢራቢሮዎቹ መጡ፣ ውሃውን ቀመሱ፣ ተበተኑ።

ውርንጭላው ነቃ። «አያ ጅቦ፣ ቢራቢሮዎቹስ?»

«እ... ነፋሱ ነው መሰለኝ፣ ልጄ።»

«አይ፣ ጠልተውኝ ነው» አለና ውርንጭላው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ያን ጊዜ ማሩ ጅብ ሆድ ውስጥ ሬት ሆነ። እውነቱን ልንገረው ብሎ ብድግ አለና መልሶ ተቀመጠ።

እናቲቱ ተመለሰች። ልጇን አገላብጣ አየችው፤ ደህና ነው። «ተባረክ አያ ጅቦ! ስንቱ ሲያስፈራራኝ ነበር። አንተ ግን አላሳፈርከኝም!» ብላ አመሰገነችው። ጅብ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ!

ይኼኔ አንዲት ቢጫ ቢራቢሮ እየተንሳፈፈች መጥታ የጅብ ከንፈር ላይ አረፈች። ሌላዋም ተከተለች። ጢሙ ላይ የተለጠፈውን ማር አግኝተውታል! ወዲያው አፉ በቢራቢሮ ተሸፈነ።

«እማዬ፣ መጡልኝ! አያ ጅቦ አፍ ላይ ናቸው!» ብሎ ውርንጭላው ከት ብሎ ሳቀ።

እናቲቱ ቅሉን አየች፤ አፉን አየች። አልጮኸችም። «ብትጠይቀኝ እኮ እሰጥህ ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ።

ጅብ እግሬ አውጪኝ ሊል ፈለገ። ግን ንቅንቅ ቢል ቢራቢሮዎቹ ይበራሉ፤ ልጁም ያለቅሳል። ስለዚህ ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ እየተንጠራራ አየው፤ ቀበሮ ሳትቀር መጥታ ሳቀችበት። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ እንባው በቢራቢሮዎቹ መሃል እየወረደ፣ ልጁ ስቆ እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ቆመ።

ከዚህ የምንማረው በትልቁ ነገር ታምነናል ብለን ትንሹን ብንሰርቅ፣ ባመነን ፊት ቀና ብለን መቆም እንደማንችል ነው።