የአህያዋ የውሃ ዘዴና የጅቡ መሐላ

አንድ ጊዜ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ በቀረበት በጋ፣ አንዲት አህያ አውሬውን ሁሉ ያቃተውን ነገር አገኘች። ሌላው መሬቱን ሲምስ ውሎ አቧራ ለብሶ ሲመለስ፣ እሷ የማሰችበት ሁሉ ውሃ ያፈልቃል። ዘዴዋ የብዙ በጋ ድካም ፍሬ ነው። የትኛውን የውሃ ምልክት አስቀድሞ፣ የትኛውን አስከትሎ ማየት እንደሚገባ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ውሃ የለም።

አውሬው እየመጣ ይጠጣል፣ ለእሷም ሣር ያመጣላታል። ጅቡ እንኳ እያያት ምራቁን ቢውጥም አይነካትም፤ እሷን ከበላ ውሃ የሚያገኝለት የለም።

አህያዋም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ስለዚህ ምልክት የምትፈልግበትን ቦታ በእሾህ አጥራ ማንንም አታስጠጋም። የሚጠጣው ሲበዛ ግን ጉልበት አነሳትና ጅቡን ለቁፋሮ ቀጠረችው።

«አያ ጅቦ፣ አጥር ውስጥ የሚያዩትን ለማንም ላይናገሩ ይማላሉ?» አለችው።

«ብናገር መሬት ትዋጠኝ» ብሎ ማለ፤ ኤሊም ምስክር ሆነች።

ቀበሮ ይህን ሰማና ጅቡን መንገድ ላይ ጠበቀው።

«አያ ጅቦ፣ እንደ እርስዎ ያለ ጌታ ለአህያ ሲቆፍር ማየት ያሳፍራል» አለው።

«ምን ላድርግ? ውሃው በእጇ ነው።»

«ዘዴዋን ለእኔ ይንገሩኝ። ከዚያ በኋላ አህያዋ ምን ትሠራለች? ውሃውን እኔ አወጣለሁ፣ ሥጋዋን እርስዎ ይበላሉ።»

ጅቡ ሥጋ ሲባል መሐላውን ረሳ። ያየውን ሁሉ ዘረገፈለት።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሮ ከወንዙ ማዶ ውሃ አወጣ። አውሬው ጉድ አለ። አህያዋ ነገሩ ገና ሳይገባት፣ ጅቡ አፉን ከፍቶ ሲመጣባት አየች። አጥሯን ጥሳ ፈረጠጠች። አቧራው እየጨሰ፣ ጅቡ ጭራዋን ሊይዝ ሲል፣ አንበሳ ችሎት ከተቀመጠበት ዋርካ ሥር ደርሳ ወደቀች።

«ቁም» አለ አንበሳ። ጅቡ ቀጥ አለ።

«ጌታዬ፣ ዘዴዬን ሰረቁኝ» አለች አህያዋ እያለከለከች።

ቀበሮ ፈገግ ብሎ ቀረበ። «ጌታዬ፣ ምልክቶቹ ሜዳ ላይ ያሉ ናቸው። ማንም ያያቸዋል።»

አንበሳ ወደ አህያዋ ዞረ። «አንቺስ ዘዴሽን እንዴት ጠበቅሽው?»

«በእሾህ አጠርኩ። ከጅቡ በቀር ማንም አልገባም፤ እሱንም አስምዬዋለሁ።»

«እውነቷን ነው፣ ሲምል ሰምቻለሁ» አለች ኤሊ ከተሰበሰበው መሀል።

«አንተስ ከማን ተማርክ?» አለው አንበሳ ቀበሮን።

«ከማንም። ራሴ ደክሜ ደረስኩበት። የማንም ውለታ የለብኝም።»

ጅቡ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «እንዴት የለብህም? የነገርኩህ እኔ አይደለሁም? ሥጋዋ የእርስዎ ነው ያልከኝስ?»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ቀበሮ ጆሮውን አጣጥፎ መሬት መሬት አየ።

«ጅቦ፣ ቃልህን በልተሃልና ከዚህ ወንዝ ዳር እንዳትደርስ» ብሎ ፈረደ አንበሳ። «ቀበሮ፣ ጉድጓዱን ለአህያዋ ልቀቅ። በዘዴዋ ሁለተኛ አትቆፍርም፣ ለሌላም አትነግርም።»

ቀበሮ ግን ብቻውን መውደቅ አልፈለገም። «ጦጣስ? እሷም ዛሬ ገደሉ ሥር ውሃ አውጥታ የለም?»

ጦጣ መዳፏን ዘረጋች፤ ቆዳው ተልጧል። «ቆፍሬ፣ ስቼ፣ እንደገና ቆፍሬ ነው ያገኘሁት» አለች።

«አጥር አልጣሰች፣ ማንንም አላስከዳች» አለ አንበሳ። «ራሷ የደረሰችበትን የሚከለክላት የለም።»

አህያዋን ትንሽ ከፋት። ግን በሕይወት አለች፣ ጉድጓዶቿም በእጇ ናቸው። እየሶመሶመች ተመለሰች፤ አጥሯን ጠገነች፤ ጦጣ ሳትቀድማት ከዚያ የተሻለ ዘዴ ለማግኘት መሬቱን ማሽተት ጀመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሕግ ለምስጢራችን የሚቆምልን አስቀድመን እኛው ስንጠብቀው እንደሆነና፣ የሌላውን ድካም ሰርቆ መጠቀም ሲያስጠይቅ በራስ ድካም መድረስ ግን እንደማያስጠይቅ ነው።