የግራዝማች ብርቱካንና የልምሻ ጠብታ

የግራዝማች ወልደየስ አጥር ቁመት በአገሩ እስከ ዛሬ ይወራል። ቁራ እንኳ መሀል ላይ አርፎ ትንፋሹን ሰብስቦ ነበር የሚሻገረው። የመንደሩ ልጆች ግን በየዕለቱ እየዘለሉ ገብተው ብርቱካኑን ስለሚጨርሱባቸው፣ ግራዝማች በየስማቸው እየጠሩ ሲረግሟቸው ይውሉ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት እንዲሁ ሲራገሙ፣ የልጅነት ልምሻ መከላከያ ጠብታ የምታድል አንዲት ምላሰኛ ሴት የበረዶ ሳጥኗን አንግታ ደጃቸው ደረሰች። ያለ እሳቸው ፈቃድ ልጇን የምታወጣ እናት በመንደሩ የለችምና እጅ ነስታ ጠየቀቻቸው። በረዶው ከቀለጠ ደግሞ ጠብታው መበላሸቱ ነው።

«አንቺ ነሽ?» አሉ ግራዝማች። «የዛሬ ሰባት ዓመት፣ እኔ ጠበል በሄድኩበት፣ የመንደሩን ልጅ ሁሉ ያጠጣሽው! እስቲ ያ ጠብታሽ ያዳነውን አንድ ልጅ አሳዪኝ። በወረቀት አይደለም፣ በዓይኔ! ካጣሽ ሳጥንሽን ይዘሽ ውልቅ በይ፤ ሁለተኛም እዚህ ድርሽ እንዳትዪ።»

አብረዋቸው የተቀመጡት ሽማግሌዎች «ያልታመመ ልጅ ዳነ ተብሎ እንዴት ይታያል?» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

ሴትዮዋ አጥሩን ሽቅብ አየችው።

«ጌታዬ፣ ስንቱን ላሳይዎት? ያኔ ያጠጣኋቸውን ልጆች እርስዎ ራስዎ ከጠዋት ጀምሮ በየስማቸው እየጠሩ ሲረግሟቸው አልነበረም? ልምሻ የያዘው እግር ይህን አጥር አይዘልም» አለች።

ግራዝማች አንድ ፍሬ ያልቀረበትን የብርቱካን ዛፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«በይ አጠጪ» አሉ በመጨረሻ። «ብቻ ለጎረቤቶቼ ልጆች ጠብታውን ቀነስ አድርጊው።»