በመስኮት የገባው ቃል

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ በጡረታ ላይ ያሉት አዛውንት ዳኛ። የወንድማቸው ልጅ የፖሊስ ምልምል ነው፤ ሌባነቱ የታወቀን ሰው በዱላ ብናናዝዘው ፍርድ ቤት ለምን ቃሉን አይቀበለንም ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ሰውየው ሽንኩርት አብቃይ ነው። ከወንዝ ውኃ የሚስብበት ሞተሩ ተሰረቀበት። ፀሐዩ የመጋቢት ነውና በሦስተኛው ቀን የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆነ። ሰውየው መቀመጥ አቃተው። ከማሳው ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከጣቢያው ወደ ማሳው ይመላለሳል፤ እህል በአፉ አልዞር አለ። የጠረጠረው በቅርቡ ያባረረውን የቀን ሠራተኛ ነበር። ፖሊስም ያንኑ ያዘው።

በአምስተኛው ቀን ጣቢያው ግቢ ሲደርስ የሠራተኛውን ጩኸት በመስኮት ሰማ። ሞተሩን የት አደረስከው እያሉ ይገርፉታል፤ እሱ አላየሁም ይላል። አብቃዩ ወደ መስኮቱ ተጠጋና ለቆራሌው ሸጦት ይሆናል፣ እንደዚያ ብላችሁ ጠይቁት አላቸው። ግርፋቱ ቀጠለ። ጥቂት ቆይቶ ሠራተኛው አዎ፣ ለቆራሌው ሸጥኩት አለ። አብቃዩ ደስ አለው። ደስታው ግን ቤቱ እንኳ አላደረሰውም፤ አንድ ነገር ውስጡን ይበላው ጀመር።

በችሎት የተከሳሹ ቃል ተነበበ። ተከሳሹ ተገርፌ ነው አለ፤ ፖሊሱ ደግሞ በፈቃዱ የሰጠው ነው አለ። ዳኛዋ ያን ጊዜ በአካባቢው የነበረ ሰው እንዳለ ጠየቁ። አብቃዩ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። የሚደርቀው ማሳ ታየው፤ ልጆቹ ታዩት። እንደገና ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ቆራሌው የሚለው ቃል የእኔ ነው» አለ። «በመስኮት ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። እሱ ይል የነበረው አላየሁም ነው።»

ዳኛዋ ተከሳሹ በግርፋት የሰጠውን ቃል ውድቅ አደረጉት። ሌላ ማስረጃ ስላልነበረ ተከሳሹን በነፃ አሰናበቱ፤ ፖሊሱም እንዲመረመር አዘዙ። ሞተሩ አልተገኘም። ሽንኩርቱ ደረቀ፤ ጎረቤቱም በገዛ አፉ ሌባውን አስፈታ እያለ ተሳለቀበት። ሰውየው ሰርቆኝ ይሆን፣ አልሰረቀኝ ይሆን እያለ እስከ ዛሬ ይብሰለሰላል። ያን ሠራተኛ መንገድ ላይ ሲያገኘው ግን ዐይኑን አይሰብርም።

አዛውንቱ ወደ ምልምሉ ዞሩ።

«አየህ ልጄ፣ የተገረፈ ሰው የምትፈልገውን ይሰጥሃል። የገዛ ግምትህን ከአፉ ትሰማና እውነት አገኘሁ ትላለህ። ሕገ መንግሥቱ ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አይሆንም ያለው ለዚህም ነው። ፍርድ ቤት ያንን ቃል ሲጥልብህ ሌባ የወደደ እንዳይመስልህ። ያ ሰው ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ ነበር፤ አንተ ነገ ክፍሉ ውስጥ ነው የምትቆመው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው፤ ዳኛ ሲጠይቅ ትነሣለህ ወይስ ትቀመጣለህ?»